ፊት የሌላት ሙሽራ

«ሙሽራዋ ፊት የላትም» አለ አማች።

ፖስታ ቤት ውስጥ ሰልፍ ላይ ናቸው። አማች ከፊት፣ ሚዜ ከኋላ። አማች ዞር አላለም። የያዘውን ፖስታ እያገላበጠ ለራሱ የሚያወራ መስሎ ነው የተናገረው።

«ምን ማለት ነው?»

«ሳጥን ነዋ። ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን። መሀል መሀሉ ላይ ደግሞ የጋዜጣ ፊደል ተወትፎበታል። ይሄን ይዤ ዳኛ ፊት ልቁም?»

ሚዜ ጥርሱን ነከሰ። ስምንት ወር ሙሉ ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ የሰው መጽሐፍ ገጽ ሲያቀናብር የከረመው ለዚያች አንዲት ገጽ ነው። ትናንት አገኛት። ዛሬ ጠዋት ፍላሽ ላይ ጭኖ አሳለፋት። አሁን ሳጥን ነች ይሉታል።

«ፎንቱ አብሯት አልሄደም» አለ።

«ምክንያቱን ተወው። ችሎቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

የግድግዳው ሰዓት ስድስት ተኩል ሆኗል። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሄደ። አብረው ሄዱ።

ዘመቻው «ሰርግ» ይባላል። ስሙን ያወጣው አማች ራሱ ነው፤ የስልክ ወሬያቸው የቤተሰብ ወሬ እንዲመስል። ሰላዩ ሚዜ፣ አለቃው አማች፣ የምትፈለገው ገጽ ሙሽራ። ስምንት ወር በስልክ ስለ ድንኳንና ስለ ጥሪ ካርድ ሲያወሩ ኖሩ። ሥራው ግን ከሰርግ ይልቅ ለለቅሶ የቀረበ ነበር።

የሚለቀስለት ሰው ቀጮ ይባላል። ሚዜን ሰላይ ያደረገው እሱ ነው። ሰው ሲከተልህ እንዴት ታውቃለህ፣ ሲመረምሩህ እንዴት ትዋሻለህ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ያስተማረው፣ ከአንድ ሳህን ያበላው። ባለፈው ዓመት ከድንበሩ ማዶ አሥር ሰላዮች ባንድ ሳምንት ተያዙ። ማዶዎቹ ስማቸውን ከአንድ ከሃዲ ገዝተው ነበር። ከሃዲው ማን ነው ሲባል፣ ከማዶዎቹ መዝገብ የተቀደደች ናት የተባለች ገጽ ከየት መጣች ሳትባል ብቅ አለች። ቀጮ ነው ትላለች። ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ማስረጃ አልነበረውም። «ይህ ፊደል ከማዶዎቹ ቢሮ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም» አለ፣ በቃ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርዱ ይነበባል። የዚህ ወንጀል ፍርድ ደግሞ ገመድ ነው።

ሚዜ ግን ገጿን ያገኛት ማዶ አይደለም። እዚሁ ከተማ፣ ከዚህ ፖስታ ቤት የስምንት ደቂቃ መንገድ፣ በተቀጠረበት ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እዚያው ተሠርታ እዚያው ታትማለች።

«ስማኝ» አለ አማች። «ተመለስና ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይረው። ሥዕል ይሆናል። ሥዕል የትም ይከፈታል። ከዚያ ዋናውን ፋይል አጥፋው።»

«ዋናውን?»

«የማተሚያ ቤቱ ባለቤት እንዳይነካካው ነዋ። አጥፋው።»

አማች መስኮቱ ጋ ደረሰ። ቴምብር ገዛና ወጣ።

ሚዜ መንገዱን ሙሉ ራሱን እየረገመ ተመለሰ። ነገሩ ለገጽ አቀናባሪ ከሀሁ በላይ አይደለም። ገጽ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ስትሄድ የተጻፈችበት ፎንት አብሯት መግባት አለበት። ከቀረ፣ የሚከፍታት ማሽን ከራሱ ያገኘውን ፊደል ይለጥፍባታል፤ ያጣለትን ሳጥን ያደርገዋል። ጠዋት ገጿን ወደ ፒዲኤፍ ሲያወጣት ፕሮግራሙ አስጠንቅቆት ነበር። «ይህን ፎንት በሰነዱ ውስጥ ማካተት አይፈቀድም» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሰማና እሺ የሚለውን ተጭኖ አለፈ። ፋይሉን መልሶ ሲከፍተው ፊደሉ አንድ ሳይጎድል ቁጭ ብሏል። ለምን ይጎድላል? ፎንቱ የተጫነበት ማሽን ላይ ነዋ የከፈተው። ጀማሪ የሚገሠጽበትን ስህተት ሠርቶ፣ የወዳጁን አንገት ለገመድ አመቻችቶ መጣ።

ማተሚያ ቤቱ ሁለት ፎቅ ነው። ታች ማሽኖቹ ለምሳ ቆመዋል፤ የቀለሙ ሽታ ግን ምሳ አያውቅም። ላይኛው ክፍል ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የማይዞር ማራገቢያ፣ በገመድ ላይ የተሰጡ የሙከራ ገጾች አሉ። ኮምፒውተሮቹ ኢንተርኔት የላቸውም። ፋይል ከዚህ ቤት የሚወጣው ከመንገዱ ባሻገር የማተሚያ ሰሌዳ ወደሚሠራበት ፕሌት ቤት በሚሄዱት ፍላሾች ብቻ ነው። ፍላሾቹ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሚዜ ሁለት አነሳ።

ባለቤቱ ከምሳ የሚመለሰው ሰባት ተኩል ላይ ነው። ሠራተኛው ከረባት ይለዋል፤ በሙቀትም በጉንፋንም አንገቱ ላይ ከረባት ስለማይጠፋ። አሁን ሰባት ሊሆን አምስት ጉዳይ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ፊደል ቀራጩ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። እሳቸውን ሁሉም አባባ ነው የሚላቸው። ጥግ ላይ በሁለተኛው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ባለ መስመር ወረቀት ላይ በእርሳስ ፊደል ይስላሉ፣ በማጉያ መነጽር ያዩታል፣ ይሰርዙታል። አንድ ፎንት ዓመት ይፈጅባቸዋል። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ከወንበሩ እኩል ተረስተዋል።

ሚዜ ፋይሉን ከፈተ። ገጿ መጣች። የቀጮ ስም ሦስተኛው መስመር ላይ አለ።

ጽሑፉን ሁሉ መረጠ። «ወደ ቅርጽ ቀይር» የሚለው ላይ ጠቋሚውን አሳረፈ።

«እሱን አታድርግ» አሉ አባባ ከኋላው።

ሚዜ አልተንቀሳቀሰም።

ሽማግሌው ቆመው የነበሩት ክንዱ አጠገብ ነው። ኮቴያቸውን አልሰማም። ሰው ሲከተልህ እንዴት ታውቃለህ ብሎ ያስተማረው ቀጮ ይህን ቢያይ በጥፊ ያልሰው ነበር።

«የጥሪ ካርድ ነው አባባ» አለ።

«ውሸት አያምርብህም። ይሄ የእኔ ፊደል ነው። እያንዳንዱን እግር በዚህ እጄ ነው ያቆምኩት። ቅርጽ ስታደርገው ይሞታል። ማን እንደሠራው፣ ለማን እንደተሠራ፣ ሁሉም ይጠፋል፤ የሚቀርህ ጥላሸት ነው።»

ሚዜ እጁን ከመዳፊቱ ላይ አነሳ።

«ለማን እንደተሠራ በውስጡ ተጽፏል?»

«ሳይጻፍ?» ሽማግሌው ተገርመው አዩት። «ሙዚየም ነው ያሉኝ፤ የማዶዎቹን ጽሑፍ ለማሳየት። ናሙና አምጥተው ቅዳልን አሉኝ፣ ቀዳሁላቸው። ታዲያ ርክክቡ ቀን የንብረት ክፍል ሠራተኛ ቅጽ ይዞ መጣ። ለክፍላችን ብቻ መሆኑ በውስጡ ይጻፍ፣ ሌላ እንዳይጠቀምበት ይቆለፍ አለኝ። ሳይጻፍ አልረከብም ብሎ ግማሽ ቀን ተከራከረኝ እኮ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የፎንቱን መረጃ ከፈቱ። ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው ላይ የራሳቸው ስም አለ። ሁለተኛው፦ «ለክፍል አራት ብቻ የተሠራ። በሰነድ ውስጥ ማካተት ክልክል ነው።»

ሚዜ ሁለት ጊዜ አነበበው።

ክፍል አራት የአማች ክፍል ነው።

ሳቁ መጣ። የሚያስቅ ነገር ስላለ አይደለም። ክፍል አራትን ያውቀዋል። የሻይ ማንኪያው ላይ ሳይቀር «ለክፍል አራት ብቻ» ብሎ የሚያስቀርጽ ቤት ነው። ወንበሩ፣ ጃንጥላው፣ የሽንት ቤቱ ባልዲ ቁጥር አለው። አማች በድብቅ የሐሰት ፎንት ሲያሠራ የንብረት ክፍሉ ሰው እንደ ልማዱ ማኅተሙን ይዞ ተከተለው፤ ሌባውን በገዛ ባልዲው ላይ ጻፈው። ፎንቱ ወደ ገጿ አልገባም ብሎ ጠዋት ሳጥን ያደረጋትም ያው ክልከላ ነው።

ከዚያ ሳቁ ደረቀ፤ ደሙ ፈላ። ሁሉም ነገር ተራ በተራ ቦታ ቦታውን ያዘ። አሥሩን ሰላዮች የሸጠው አማች ነው። ገጿን አሠርቶ ቀጮ ላይ የለጠፈው አማች ነው። ከረባት ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ዋናውን ፋይል መያዣ አድርጎ አስቀረው። አማች መያዣውን ማስጠፋት ፈለገና ሞኝ ላከ። «ቀጮን እናድነው» ብሎ ላከው። ሚዜም ስምንት ወር ሙሉ ወዳጄን አድናለሁ እያለ የገዳዩን ዱካ ሲጠርግ ከረመ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለው። አማች ስሙን እንኳን በሁለት ጣት ነው የሚተይበው። ፊደልን ወደ ቅርጽ መቀየርን ማን አስተማረው? ተዘጋጅቶበት ነው የመጣው።

«አባባ» አለ። «በዚህ ገጽ ምክንያት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንድ ንጹሕ ሰው ላይ ሞት ይፈረዳል።»

ሽማግሌው ገጿን አዩ። ያኔ ነው ያነበቧት፤ እስከዚያ ፊደሏን እንጂ ጽሑፏን አላዩም ነበር።

«ሙዚየም ነው ያሉኝ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ዓይኔን የጨረስኩበት ነው እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ አባባ። ቁልፉን መፍታት ይቻላል?»

«ለሠሪው ይቻላል።»

ወደ ኮምፒውተራቸው ሄዱ። ሰባት ከአሥር። ሚዜ በሩ ጋ ቆሞ ደረጃውን ያዳምጣል። ሽማግሌው ጥንቅቅ ያሉ ሰው ናቸው፤ አይቸኩሉም። ከፎንቱ ሆድ ውስጥ አንድ መስመር አወጡ። እዚያ ላይ «2» የሚል አንድ ቁጥር አለ። እሱን አጥፍተው ዜሮ ጻፉ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ለዚህች ቁጥር ነው ሰው ሊሰቀል የነበረው። ሚዜ ግድግዳውን በቡጢ ሊለው ፈለገ፤ ድምፅ ያሰማል ብሎ ተወው።

የተፈታውን ፎንት ወደ ራሱ ማሽን አምጥቶ ጫነ። ፒዲኤፍ ለማውጣት ተዘጋጀ።

«ቆይ» አሉ አባባ። «ገጿ ላይ ያሉትን ፊደላት ብቻ እንዳትወስድ። እንደዚያ ከሆነ ቆራርጦ ነው የሚያስገባው፣ ስሙም ይቀራል። ሙሉውን አስገባው።»

ሙሉውን የሚለውን መረጠ። ተጫነ። ማስጠንቀቂያ አልመጣም።

በዚህ ጊዜ የጠዋቱን ስህተት አልደገመውም። ሽማግሌው ፎንቱን ከራሳቸው ኮምፒውተር ላይ አጠፉና ፍላሹን እዚያ ሰኩት። ገጿ ከነሙሉ ፊደሏ ተከፈተች። የፎንቶቹን ዝርዝር ሲያዩት የሽማግሌው ስምና ክፍል አራት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ስምዎን ያውጡት» አለ ሚዜ። «ክፍል አራት የሚለው ይበቃናል። የእርስዎ ስም እዚያ ካለ እስር ቤት ይወስድዎታል።»

«ካወጣሁት ፈታሁ የሚለው ማን ነው? ዐቃቤ ሕጉ ሞኝ መሰለህ? ፎንቱ ተነካክቷል ይላል። የፈታሁት እኔ ነኝ፣ የሠራሁትም እኔ ነኝ ብሎ የሚቆም ሰው ከሌለ የዚህች ገጽ ዋጋ ያው የሳጥኑ ነው።»

«እኔ እናገራለሁ።»

«አንተ ማነህ?»

ስምንት ወር በሐሰት ስም የኖረ ሰው ምን ብሎ ይመሰክራል? ሽማግሌው ማንነቱን ማወቃቸውን ሚዜ ያኔ ተረዳ። ምናልባት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ስልኩ ጮኸ።

«ሙሽራዋስ?» አለ አማች።

«ተኳኩላለች።»

«አሮጌው ቤት ፈረሰ?»

«ፈርሷል» አለ ሚዜ፤ ዋናው ፋይል ግን ገና በቦታው ነበር።

«እሰይ የእኔ ወንድም። እዚያው ጠብቀኝ።»

ተዘጋ።

እዚያው ጠብቀኝ።

በስምንት ወር አንድ ቀን እንዲህ ብሎ አያውቅም። ሰላይ በተቀጠረበት ቤት አለቃው አይመጣም። ሕጉን ያወጣው ራሱ አማች ነው።

ሚዜ ጊዜ አላጠፋም። ዋናውን ፋይል ከቦታው አንስቶ፣ ስሙን ቀይሮ፣ በምረቃ መጽሔቶች መሀል ቀበረው። ሁለተኛው ፍላሽ ላይ ደግሞ አማች የጠየቀውን ያችን የሞተች ሥዕል ጫነ። የመጀመሪያውን ፍላሽ ለሽማግሌው ሰጠ።

«ፍርድ ቤት፣ ሦስተኛ ችሎት። የተከሳሹ ጠበቃ ሴት ናት፤ ባለ ነጭ ፀጉር። ከእሷ በቀር ለማንም እንዳይሰጡ።»

አባባ ፍላሹን የመነጽር ማኅደራቸው ውስጥ ከተቱት። ኮታቸውን ለበሱ፤ የኮቱን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ቆለፉ። ሚዜ በውስጡ ጮኸ። ሽማግሌ አይጣደፍም።

ደረጃው መሀል ላይ የከረባት ድምፅ ተሰማ።

«የት ነው አባባ?»

«ፕሌት ቤት።»

«በምሳ ሰዓት?»

«ፊደል ምሳ ይበላል እንዴ?»

ከረባት ሳቀ። የሽማግሌው ዱላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ወረደ። የታችኛው በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ከረባት ሲገባ ሹፌሩን አስከትሏል። ሹፌሩ በሩን ከውጭ ይዞ ቆመ፤ ከበሩ የሚሰፋ ሰው ነው።

«አለቃህ ደውሎልኝ ነበር» አለ ከረባት። «ኪሱን ፈትሸው አለኝ።»

ስለዚህ ይህ ነው ክፍያው። ፋይሉን ያጠፋለት መስሎታል፤ አሁን አጥፊውን ደግሞ በሌላ እጅ ማስጠፋት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ይህኛውስ ጅቡን ጠርቶ የመጣ ነው። ሚዜ ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይኸው ጋሼ። እሱ ሌላ ምን እንዳዘዘኝ ግን አልነገረዎትም?»

«ምን አዘዘህ?»

«ዋናውን አጥፋ ብሎ።»

የከረባት ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀርቶ ከዓይኑ ጠፋ።

«አጠፋኸው?»

«የታዘዝኩትን ነዋ የምሠራው። እርስዎ መያዣ ነበረዎት፣ አሁን የለዎትም። ከእኔ ቀጥሎ ማንን ኪሱን ፈትሹት የሚል ይመስልዎታል?»

ከረባት ወንበሩን ገፍቶ ኮምፒውተሩ ላይ ወደቀበት። ፋይሉ የነበረበትን ከፈተ። የለም። ሌላ ከፈተ። የለም። በሁለት ጣቱ ከረባቱን ጎተተ፤ ሚዜ ስምንት ወር ሙሉ ይህን ሲያደርግ አይቶት አያውቅም።

ሚዜ በሩን ከፈተ።

«ጋሼ ይጠሩሃል» አለው ሹፌሩን። «ቶሎ በል፣ ተቆጥተዋል።»

ሹፌሩ ገባ። ሚዜ ወጣ።

አልሮጠም። የሚሮጥ ሰው ይታያል። ጃኬቱን፣ የሻይ ኩባያውን፣ የሐሰት ስሙ ያለበትን የሠራተኛ መታወቂያ ወንበሩ ላይ ትቶ፣ በማሽኖቹ መሀል አልፎ፣ በወረቀት መጫኛው በር ወጣ። መንገድ ላይ ሲደርስ ከላይ የሆነ ነገር ሲሰበር ሰማ።

ፍርድ ቤት የደረሰው ዘጠኝ ከሩብ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ አውቶቡስ ቀይሮ፣ አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ ገብቶ ወጥቶ ነው የመጣው። ሦስተኛ ችሎት ሞልቷል፤ ሕዝቡ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ በተከፈተው በር ያዳምጣል። ሚዜ ክፍት ቦታ አገኘና ተቀመጠ።

ውስጥ የጠበቃዋ ድምፅ ይሰማል። ፍላሹ በችሎቱ ጸሐፊ ኮምፒውተር እንዲከፈት ጠየቀች። ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ። ዳኛው ፈቀዱ።

ጸሐፊው ፍላሹን ሰካው።

ሚዜ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። የማያውቀው ማሽን ነው። ሳጥን ከሆነ ሁሉም ነገር አለቀ።

«ይኸውላችሁ» አለ ዐቃቤ ሕጉ። «ያው የማዶዎቹ ፊደል ነው። ምን አዲስ ነገር አለው?»

ፊደል ነው አለ። ሳጥን አላለም።

«አዲሱ ነገር ይህ ነው» አለች ጠበቃዋ፤ የፎንቱን ዝርዝር አስከፈተችና ለጉባኤው ጮክ ብላ አነበበችው። የሠሪውን ስም። ከዚያ ለማን እንደተሠራ። ጉርምርምታ ተነሳ። ዐቃቤ ሕጉ ይህ የፈጠራ ነው፣ ማንም ሊጽፈው ይችላል ሲል የሽማግሌው ድምፅ ተሰማ፤ ጥርት ብሎ፣ ሳይቸኩል።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊደሉን የሠራሁትም እኔ፣ ቁልፉን ዛሬ የፈታሁትም እኔ። የንብረት ክፍሉ ቅጽ ቅጂ ቤቴ አለ። አንድም ወረቀት ጥዬ አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ ረጅም አልፈጀም። ቀጮ ነጻ ተባለ። የክፍል አራት ኃላፊ ባስቸኳይ ተይዞ እንዲቀርብ ታዘዘ። ሽማግሌውም የሐሰት ሰነድ የተሠራበትን ፎንት በማዘጋጀት ተጠርጥረው፣ ምርመራው እስኪያልቅ በእስር እንዲቆዩ ታዘዘ።

ሚዜ የመጨረሻውን ትእዛዝ ሰማ። ሙዚየም ነው ብለው ያታለሏቸውን ሰው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው በእግራቸው መጥተው እውነቱን ያወጡትን ሰው፣ ነው የሚያስሩት። ገብቶ ሊጮህ ፈለገ። የታዘዝኩት እኔ፣ ቁልፉን ፍቱልኝ ያልኩት እኔ ልበል አለ። ቢገባ ግን ነገሩ የሰላዮች ተንኮል ተብሎ ማስረጃው ይበላሻል፤ ቀጮም ተመልሶ ይገባል። ይህን ያውቃል። ማወቁ ይበልጥ አናደደው።

ያኔ ነው ጫማዎቹን ያየው።

ከፊት ለፊቱ አግዳሚ ላይ ሁለት ጎረምሶች ተቀምጠዋል። የለበሱት የተለያየ ነው፤ ጫማቸው ግን አንድ ነው። ክፍል አራት ጫማ የሚያድለው በአንድ ዓይነት ነው። አለቃቸው እንዲያዝ መታዘዙን ገና አልሰሙም፤ ወይም ሰምተው የቀደመውን ትእዛዝ እየፈጸሙ ነው። ከክፍሉ ሚዜን በመልክ የሚያውቀው አማች ብቻ ነው፤ እነሱ አያውቁትም። የሚያውቁት ሽማግሌው አንድ ግብረ አበር እንዳላቸው ነው። ሽማግሌው ሲወጡ ፊቱ የሚለወጥ ሰው ይጠብቃሉ።

ሚዜ የማያውቀውን ሰው ጉዳይ የሚጠብቅ መሰለ። ጭራሽም አዛጋ።

ቀድሞ የወጣው ቀጮ ነው። ሚስቱ ክንዱን ይዛ ታለቅሳለች። በሚዜ ፊት አለፉ፤ እጅ ቢዘረጋ ይነካቸዋል። ቀጮ አላየውም። ወይም አይቶት አላየውም፤ እንደዚያ እንዲያደርግ ያስተማረውም እሱ ነው።

ከዚያ አባባን አወጧቸው። ኮታቸው ከላይ እስከ ታች እንደተቆለፈ ነው። እጃቸው ላይ ካቴና አለ። አንድ ፖሊስ ክንዳቸውን ይዞ ያጣድፋቸዋል፤ እሳቸው ግን አልተጣደፉም።

ሚዜ ተነሳ።

አስቦ አይደለም። ሽማግሌ ሲያልፍ ተቀምጦ አያውቅም፤ እግሩ ከእሱ ቀድሞ ነው የቆመው። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ተቀምጦ እሱ ብቻ ቆሟል።

ሁለቱ ጎረምሶች አዩት።

«አንተ» አለ አንደኛው። «ታውቃቸዋለህ?»

ሚዜን ስምንት ወር የሠለጠነባቸው ውሸቶች ሁሉ ጥለውት ሄዱ።

«ከየት ያውቀኛል?» አሉ አባባ።

ቆመዋል። ፖሊሱ ጎተታቸው፤ አልሄዱም። ሚዜን አላዩትም። ጎረምሶቹን ነው የሚያዩት።

«ሽማግሌ ሲያልፍ መነሳት ከመቼ ወዲህ ነው የሚያስጠይቀው? ይሄ ልጅ ያሳደገው ሰው አለ። እናንተን ማን አሳደጋችሁ? አባታችሁ በካቴና ቢያልፍ እንዲህ ተዘርፍጣችሁ ነው የምታዩት?»

መጀመሪያ ዶሴ የታቀፈች አንዲት ሴት ተነሳች። ከእሷ ቀጥሎ አንድ ባለ ጉዳይ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ። ከዚያ አግዳሚው ሁሉ እየተንቋቋ ባዶ ሆነ። ጎረምሶቹ ብቻቸውን ቀሩ፤ ሰው ሁሉ እያያቸው ነው። አንደኛው አቀረቀረ፣ ቆመ። ሌላኛውም ቆመ።

አባባ በቆሙት ሰዎች መሀል ቀስ ብለው አለፉ። አንዱንም ዞር ብለው አላዩም።

ሚዜ ከተነሱት ጋር ተደባልቆ ወደ ደረጃው ሄደ። የጠራው የለም። ቀጮ ድኗል። አማች ይያዛል። ደስ ሊለው በተገባ ነበር፤ የተሰማው ግን ንዴት ብቻ ነው። በሥራው የሐሰት ስም የሚያወጣው፣ ሲዋሽ የሚውለው እሱ በእግሩ ይወጣል፤ ስሜን አልደብቅም ያሉት ሰውዬ ታስረው ይሄዳሉ።

ታች በሩ ላይ ጥበቃው የጎብኚዎች መዝገብ ዘርግቷል። የሚወጣ ሁሉ ስሙን ጽፎ ይፈርማል።

«ስምህን እዚህ ጋ፣ ወንድሜ።»

ሚዜ እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ ቆመ። ከኋላው ያሉት ሰዎች ቶሎ በል አሉት። የማንም ያልሆነ ስም ጻፈና ወጣ።